ካቨር እያስወለቀ የሚመረምረው ዶክተር

ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር ይለዋል። ሕክምና የተማረ እንዳይመስላችሁ። ሐኪም ቤት ደጃፍ የረገጠው አንድ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ነው፤ እሱንም ሰፈር እስኪሰማ እየጮኸ። ሥራው የስልክና የታብሌት ጥገና ነው። ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚገባባት ክፍል ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጎለታል። ጋውኑን ማንም አላለበሰውም፤ ራሱ አሰፍቶ፣ ራሱ ለብሶ፣ ራሱን ሾመ። በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ይዟል፣ በጎን ኪሱ ደግሞ ማኅተም። አዎ፣ ማኅተም! ለስልክ ጠጋኝ ማኅተም ምን ያደርግለታል ብላችሁ ብትጠይቁት ከእግር እስከ ራሳችሁ አይቶ፣ «ማኅተም የሌለው ጽሑፍ ወረቀት ማበላሸት ነው» ይላችኋል። ማኅተሙን ሱቅ ትቶት የወጣበት ቀን የለም። ሽንት ቤት እንኳ ይዞት ይሄዳል።

ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ለጥፏል። በትልልቅ ፊደል «እቃው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የሰውየው ነው» ይላል። ይህን የጻፈው ደንበኛ ወገቡን ሰብሮ ገብቶ ቀና ሲል መጀመሪያ ዓይኑ እንዲያርፍበት ነው። ገና ችግራችሁን ሳትናገሩ ጥፋተኛ ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው።

የአሠራሩንም ነገር ልንገራችሁ፣ የኋላው መዘዝ የመጣው ከዚያ ነውና። አንድ ሰው ታብሌት ይዞ ሲገባ ዶክተራችን እጁን አይዘረጋም። አገጩን ብቻ ወደ እቃው ያመለክትና «ልብሱን ያውልቁለት» ይላል። ልብስ የሚለው ካቨሩን ነው። «ታካሚ ከነካፖርቱ ይመረመራል እንዴ?» ባለቤቱ ካቨሩን ያወልቅና ሕመምተኛ እንዳመጣ ዘመድ ታቅፎት ይቆማል። ምርመራው ራቁት ነው፣ ሕክምናው ራቁት ነው፣ ሙከራውም ራቁት ነው። ሲያልቅ «ይዘው ይውጡ፣ ውጭ ያልብሱት» ይላል። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድም እቃ ልብሱን ለብሶ ከፊቱ ቆሞ አያውቅም።

ደግሞ እኮ ካቨሩን የሚሸጠው እሱ ራሱ ነው! ከጀርባው በሚስማር ተደርድሮ ተንጠልጥሏል፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ አበባ ያለበት። ሲሸጠው በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ነው፣ እንደሚሸት ነገር። የሸጠው ካቨር እቃው ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ሞክሮ አያውቅም። ዶክተር ልብስ ሰፊ ነው እንዴ ልብስ የሚለካው!

ይህ ሰው ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። እጁን በእጇ ይዛ ስሙን መጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆና፣ ከሱቁ ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የምታስተምረው የማዳመጥ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤቱ ታብሌት ሲያድል እሷም አንድ ደረሳትና በገዛ ድምፅዋ አርባ የሚሆኑ አጫጭር ተረቶች ቀዳችበት። ተረቱን ከፍታ ልጆቹን ታሰማለች፣ ከዚያ ትጠይቃቸዋለች። በዚያ ክፍለ ጊዜ ዝንብ ስትበር ይሰማል፤ ልጆቹ እንደዚያ ነው ጸጥ የሚሉት።

ታብሌቱን ያገኘች ዕለት ወንድሟ ስጦታ ሰጣት። ቀይ ካቨር፣ ጀርባው ታጥፎ እግር የሚሆን፣ ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ የሚያቆም። «ካንቺ የሚበልጥብኝ የለም» ብሎ ነው የሰጣት። ካቨሩ ዓመት ሙሉ ገዢ አጥቶ ሚስማር ላይ አቧራ የጠጣ ነበር፤ የተሠራውም ለሌላ ዓይነት ታብሌት ነበር። «ትንሽ ጠበብ ቢልሽም ይላመዳል» አላት። እሷም መርቃ ተቀበለችው፣ ምን ታድርግ፣ ወንድም ነው።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። አንድ ቀን ተረቱ መሐል ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳይነካው፣ የድምፁ መስመር ከስክሪኑ ጎን ብቅ አለና ቁልቁል ወረደ፤ ወረደና ጭጭ አለ። «ቲቸር፣ አይሰማም!» አሉ ልጆቹ። መጨመሪያውን ተጫነችው። ወጣ። እጇን ስታነሳ ተመልሶ ወረደ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ክፍል ሊጎበኝ ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ከእሷ የመጀመሪያ ተማሪዎች በዕድሜ የሚያንስ፣ ስለ ቴክኖሎጂ ማውራት ነፍሱ የሆነ ሰው። እሷ ታብሌቱን ስትጫን፣ ልጆቹ ሲንጫጩ፣ እሱ ማስታወሻው ላይ ጫር ጫር አደረገ።

እህትየዋ ታብሌቷን ይዛ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። «እትዬ፣ ልብሱን አውልቂለት» አላት፤ ለእህቱም ያው ነው። አወለቀች። መጨመሪያውን ጫነ፣ ወጣ። መቀነሻውን ጫነ፣ ወረደ። አጥፍቶ አስነሳው። በቀጭን ብሩሽ አልኮል ነክሮ የቁልፎቹን ዙሪያ ጠረገ፣ ምንም ቆሻሻ ሳይኖረው። እንደገና ሞከረው፤ ቀጥ ብሎ ይሠራል።

«ምንም የለውም። በጣትሽ ነክተሽው ነው።»

«አልነካሁትም። ጠረጴዛ ላይ አቁሜው እኮ ነው የማሰማቸው። ሲቆም ነው ድምፁ የሚወርደው። ሳስተኛው ደህና ነው።»

ዶክተሩ ሳቀ። ወረፋ የሚጠብቁት ደንበኞች እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰማችሁ? ሲቆም ይደክመዋል! እትዬ፣ ይኼ እኮ እቃ ነው። መቆም የሚያስቸግረው ያንቺን ወገብ ነው» አለ። ደንበኞቹም ሳቁ። ካልሳቁ እቃቸው ሳምንት እንደሚያድር ያውቃሉ።

ልብ በሉልኝ እንግዲህ። ሴትዮዋ በሽታውን ከነአድራሻው ነገረችው። ካቨሩን ደግሞ እጇ ላይ አንጠልጥላ ከፊቱ ቆማለች። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ!

በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰች። «እንግዲያው ሶፍትዌሩ ነው» አለና ሳይጠይቃት ፎርማት አደረገው። ተረቶቿን፣ በሦስት ሳምንት የቀዳቻቸውን አርባ ተረቶች፣ ድራሻቸውን አጠፋው።

«ድምፆቼስ?» አለች ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ስታየው።

«ቀዶ ጥገና ያለ ደም የት አይተሻል?»

ካቨሩን ታቅፋ ቆማ ትንሽ አየችውና ሄደች። አራት ቀን ሙሉ ከሥራ መልስ ቤቷ በሯን ዘግታ፣ ጉሮሮዋ እስኪሻክር፣ ተረቶቹን ከመጀመሪያው ጀምራ ቀዳች። ከዚያ ክፍል ገብታ ታብሌቱን አቆመችው። ወረደ!

በሦስተኛው ስትመጣ ዶክተሩ ገና ሲያያት ደም ሥሩ ተገተረ። ስለ ታብሌቱ አልነበረም ንዴቱ፤ ሰዎች «ሦስቴ አክሞ አላዳነም» እንዳይሉት ነው። ጀርባውን ፈነቀለና የድምፅ ቁልፎቹን ፍሌክስ፣ ያቺን እንደ ወረቀት የሳሳች ገመድ፣ በአዲስ ቀየራት። ጤነኛዋን ጥሎ ጤነኛ ገጠመ። በራቁቱ ሞከረው፤ ይሠራል። ምን ይሁን ታዲያ፣ ድሮስ መች እምቢ አለው!

በዚህ ጊዜ ነው እህቱ ቀስ ብላ የነገረችው። ርዕሰ መምህሩ ከባለሙያ ወረቀት አምጪ ብሏታል። ጥፋቱ የታብሌቱ ከሆነ ይቀየርላታል። የእሷ ከሆነ ግን ክፍሏ ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ለሌላ መምህር ይሰጥና እሷ ንብረት ክፍል ገብታ ጠመኔና ወንበር ትቆጥራለች።

«እዚያ ክፍል ከሆነ የሚያስገቡኝ አለቀልኝ» አለችው። «ልጆቹን ካጣሁ ጠዋት ለምን እነሳለሁ? ወረቀቱን አንተ ጻፍልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። አንተ መቼም ታውቀኛለህ።»

ያውቃታል እንጂ! የዚህች ሴት እጅ ሲሳሳት አይቶ አያውቅም። «ታብሌቱ ችግር አለበት፣ ይቀየር» ብሎ ቢጽፍ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። ነገር ግን እንደዚያ ቢጽፍ ዶክተሩ ያቃተው በሽታ አለ ማለት ይሆናል። ስለዚህ እስክሪብቶውን መዘዘና እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «መሣሪያው በሦስት ምርመራ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። ችግሩ የተጠቃሚዋ ነው።» ማኅተሙ ላይ እፍ አለበት፣ ድም አደረገው፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ሰጣት።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«እውነቱን ነዋ።»

ፖስታው ታሽጓል ብላ ሳትከፍተው ወሰደችው። የገዛ ፍርዷን በገዛ እጇ ተሸክማ ለርዕሰ መምህሩ አደረሰች። ዶክተሩ ደግሞ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ነው የዋለው፤ ሙያ ዘመድ አያውቅም እያለ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የሕንፃውን ደረጃ የምትጠርገው ሴት በሩ ላይ መጣች። ዶክተሩ ሰላም ብሏት አያውቅም፤ አቧራ አስነሳሽብኝ ሲል ብቻ ነው ድምፁን የምትሰማው። በእጇ የልጇን ታብሌት ይዛለች፣ እህቱ ያላት ዓይነት ታብሌት፣ ያንኑ ዓይነት ቀይ ካቨር የለበሰ። የካቨሩ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ በቢላ ተቀዷል።

«ዶክተር፣ እርስዎ የሸጡልኝ ካቨር ነው» አለች። «ታብሌቱን ሳቆመው ጠርዙ ይታጠፍና የድምፅ መቀነሻውን ይጫነዋል። በሽንኩርት ቢላ ስቀደው ዳነ። ሌላ ሰው እንዳይቸገር ልንገርዎ ብዬ ነው።»

«በሽንኩርት ቢላ!» አለ ዶክተሩ። «አንቺ ደግሞ መቼ ተማርሽ? ሂጂ መጥረጊያሽን ያዢ።»

«እሺ፣ ካሉ» ብላ ሄደች። ስትሄድ ፊቷ ላይ ቅያሜ እንኳ አልነበረም።

እሱ ግን መቀመጥ አቃተው። ደረጃው ላይ የመጥረጊያዋን ድምፅ እየሰማ ተነሳ። ከዚያ ከሚስማሩ ላይ የቀረውን አንድ ቀይ ካቨር አወረደ። ጥገና ከገቡት ታብሌቶች መካከል የእህቱን ዓይነት ፈልጎ አለበሰው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘፈን ከፈተበት። ጀርባውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። የድምፁ መስመር ብቅ አለ፤ ወረደ፤ ጭጭ። አስተኛው፣ ድምፁን ጨመረው፣ ዘፈኑ ቀጠለ። አቆመው። ወረደ። «ሲቆም ነው የሚወርደው» ያለችው እህቱ ከፊቱ የቆመች መሰለው።

ሰው የሆነ ሰው ይኼኔ ሮጦ ሄዶ እግሯ ላይ ይወድቃል። የኛው ዶክተር መጀመሪያ ያደረገው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ያየው ሰው መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ ካቨሩን ከመሳቢያው ሥር ወሸቀው። ከዚያ ወረቀት አወጣ።

ለእህቱ አላዘነም አልልም፤ ሆዱ ባብቷል። ነገ ዓርብ ነው፣ ክፍሏን ይወስዱባታል። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት ገብቶታል። ነገር ግን እሷም እንድትድን፣ እሱም ተሳስቷል እንዳይባል ፈለገ። ሦስት ወረቀት ጨምድዶ ጣለና በአራተኛው እንዲህ አለ፤ «መሣሪያው ከሦስተኛው ምርመራ በኋላ አዲስ ብልሽት ደርሶበት ነበር። በልዩ ጥንቃቄ ታክሞ ድኗል።» ያልነካውን ታብሌት አክሞ አዳነው! ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይኼ ነው። ማኅተሙን ድም አደረገና ከነጋውኑ ወጥቶ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲገባ ነጭ ጋውን ያዩ ልጆች ክትባት የመጣ መስሏቸው ክንዳቸውን ይዘው ተበተኑ። ዶክተሩ አልከፋውም፣ እንዲያውም የልብ ልብ ተሰማው። የእህቱ ክፍል በር ክፍት ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ ቆመ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ታብሌቱ የመምህር ጠረጴዛ ላይ የደብተር ቁልል ተደግፎ ቆሟል፣ የእህቱ ድምፅ ከውስጡ ጥርት ብሎ ተረት ይናገራል። ታብሌቱ ራቁቱን ነው። ቀዩ ካቨር ታጥፎ፣ ታጥፎ፣ ከጠረጴዛው አንካሳ እግር ሥር ተሸጉጧል።

እህቱ አየችውና ተረቱን አቆመች። ወረቀቱን ዘረጋላት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

«‹ከሦስተኛው ምርመራ በኋላ› አልክ?»

«አዎ፣ አንዳንዴ ያጋጥማል። ቴክኒካል ነው፣ አይገባሽም።»

«ካቨሩ ነው» አለችው። «ሰኞ ደረስኩበት። አውልቄ አቆምኩት፣ ሠራ። አለበስኩት፣ ወረደ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ወስጄ አሳየሁት። እሱ ደግሞ ያንተን ወረቀት ከፋይሉ መዘዘና አሳየኝ። በማኅተም የተረጋገጠ ነው፣ ባለሙያው ራሱ ካላነሳው እኔ ምንም ማድረግ አልችልም አለኝ።»

ዶክተሩ ቆሌው ተገፈፈ። «ታዲያ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም?»

«ሦስቴ መጥቼ ነገርኩህ እኮ።»

እሷ ወረቀቱን መለሰችለት። «ይኼን ብሰጠው እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ነው። ክፍሌን አያስመልስልኝም። አስተካክለህ ጻፍ።»

«እትዬ፣ እኔም እኮ ስም አለኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ስምህን መጻፍ ማን አስተማረህ?»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንድ መላ መጣለት። «እጽፍልሽ ነበር» አለ፣ «ግን ማኅተሙን ሱቅ ረስቼዋለሁ።»

እህቱ አልተቆጣችም። ተጠጋችና፣ ጠጠር ደብቆ ክፍል የገባ ተማሪ እንደሚፈተሽ፣ እጇን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተች። ማኅተሙን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የፊተኛው ዴስክ ባዶ ነበር፤ በጣቷ አሳየችው። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ያ ሁሉ ደረት እዚያች ዴስክ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ አገጩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ይኼኔ ርዕሰ መምህሩም ሳይነገረኝ የመጣው የክትባት ቡድን ማን ነው እያለ እየተጣደፈ በሩ ላይ ደረሰ፤ ያየውን ሲያይ እዚያው ቀረ።

«ጸጥታ!» አለች መምህርቷ። «ደብተር አውጡ። የቃል ጽሕፈት ነው። ሁላችሁም ጻፉ።» የእርሳስ ድምፅ ተሰማ። ወንድሟም ከደረት ኪሱ አንዱን እስክሪብቶ አወጣ። እሷ በወንበሮቹ መሐል እየተመላለሰች፣ ቃል በቃል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በለመደችው ድምፅ ታጽፍ ጀመር።

«እኔ የስልክና የታብሌት ጠጋኙ… ችግሩ የመምህርቷ ነው ብዬ መጻፌ… ስህተት ነበር። አራት ነጥብ። የድምፅ መቀነሻውን ሲጫን የነበረው… ካቨሩ ነው። አራት ነጥብ።»

«እትዬ፣ ካቨሩን ማን እንደሰጠሽ…»

«እየመጣሁ ነው። ካቨሩን የሰጠኋት… እኔ ነኝ። አራት ነጥብ። መምህርቷ በሽታውን… ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ነግራኝ ነበር። አራት ነጥብ።» አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። «አልሰማኋትም። አራት ነጥብ።»

እስክሪብቶው መጨረሻዋ ቃል ላይ ቆየ። ጆሮው ቀልቷል። ከኋላው አርባ ሕፃናት ጽፈው ጨርሰው ደብተራቸውን ዘግተዋል፤ እሱን እየጠበቁ ነው። ጻፈው። አራት ነጥቡን አደረገ። ማኅተሙ ላይ እፍ ለማለት ትንፋሽ እንኳ አጠረው፤ ቀስ ብሎ ተጫነው፣ ድም አላለም። እሷ ወረቀቱን ወስዳ አነበበች፣ በቀይ እስክሪብቶዋ ከጎኑ የትክክል ምልክት አደረገችበትና በሩ ላይ ለቆመው ሰጠችው።

ርዕሰ መምህሩ ሁለቴ አነበበው። «እንግዲያው ነገ በሰዓትዎ ይግቡ» አለ። ዶክተሩን ቀና ብሎም አላየው፣ ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ወንድሟ ከዴስኩ ለመውጣት ሁለቴ ታገለ። የሆነ ነገር ሊላት ፈልጎ አፉን ከፈተ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ልጆቹ መልሳለች፣ እጇ ታብሌቱ ላይ ነው።

«ስትወጣ በሩን ዝጋው» አለችው። «ልጆቹ ተረታቸውን አልጨረሱም።»

በሩን ዘጋና ጋውኑን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። እሱ ያጠፋው፣ እሷ ጉሮሮዋ እስኪሻክር መልሳ የቀዳችው ያ ድምፅ፣ ግቢውን አቋርጦ እስከ ውጭው በር ድረስ ተከተለው። አንዴም አልወረደም።